ዶክተር ሁዜይፋና የጎማዋ እሜቴ

ከዓባይ ሸለቆ የወጣው ጉም መካነ ሰላምን እንደ ነጠላ አከናንቦ በሚያቆያት ማለዳ፣ የድንገተኛ ክፍል ሐኪሙ ዶክተር ሁዜይፋ መሬት ላይ ተንበርክኮ የጎማ ሴት ደረት ይጫናል። ሴትዮዋ ራስና ደረት ብቻ ናት፤ ነርሶቹ «እሜቴ» ይሏታል። ልቡ የቆመ ሰው ሲመጣ እንዲደርሱለት የሚለማመዱት በእሷ ነው። የመጫኑን ፍጥነት ያስያዛቸው እናቱ ዘሊካ ለመንዙማ በሚመቱት ድቤ ነው፤ ዱም፣ ዱም፣ ዱም፣ ሳያቋርጡ።

ለማቋረጥ የተፈጠረው የሆስፒታሉ ሥራ አስኪያጅ አቶ ቢተው ነበር። የሚያክመው በሽተኛ የለው፣ የሚያስተምረው ተማሪ የለው፤ ያለው ኮት ነው። እንግዳ በመጣ ቁጥር እሜቴን ሊያስጎበኝ ይገባል፤ ከጎኗ ፎቶ ይነሣል፤ ለምን እንደምትጠቅም ቢጠየቅ ላብ ያጠምቀዋል። እሱ በገባ ቁጥር ነርሶቹ፣ እንዳደጉበት፣ «ኑሩ» ብለው ብድግ ይላሉ። ደረት ላይ ያለው እጅም አብሮ ይነሣል። ሁዜይፋ ሰዓቱን ያይና፣

«እሜቴ ሞቱ» ይላል። «የገደላቸው አክብሮት ነው።»

ከሁሉም ቀድማ የምትነሣው የሻለም የምትባል ነርስ ነበረች። በዚሁ ምክንያት ልምምዱን ሁለት ጊዜ ወደቀች። ለሦስተኛ ከተነሣች ከድንገተኛ ክፍል እንደሚያስወጣት ሁዜይፋ ነገራት። ከዚያም የራሱን ኮት ለዘበኛው ለመሐሙድ አልብሶ በልምምዱ መሃል ላከው። መሐሙድ ሆዱን ነፍቶ «አማን ናችሁ?» ሲል ነርሶቹ ተነሡ። ጠዋት በር የከፈተላቸው መሐሙድ መሆኑን እያዩ ተነሡ! የሻለም ብቻ ግማሽ ተነሥታ፣ አፍራ ተመለሰች። ሁዜይፋ በንቀት አንጎራጎረ፦

ልቧ ቆሞ ሳለ ደረቷን ጥለው፣
ለኮት ይነሣሉ ሰው ነው መስሏቸው።

በገበያ ቀን ጁማና የምትባል ስንዴ ሻጭ በባጃጅ መጣች። ገና የድንገተኛ ክፍሉን በር አልፋ ስትገባ ወለሉ ላይ ወደቀች፤ ልቧ ቆመ። የሻለም እዚያው ተንበርክካ መጫን ጀመረች፤ ሁዜይፋ ትንፋሽ ይሰጣል። ወዲያው አቶ ቢተው ከደሴ የመጡ እንግዶችን አስከትሎ ደረሰ። በዙሪያው የነበሩት ነርሶች ግድግዳው ሥር ተሰለፉ። ቢተው ጉሮሮውን ጠረገ። የሻለም አልተነሣችም። እንደገና ጠረገ። እንግዶች መምጣታቸውን ነገራት፤ ምን ዓይነት ሥርዐት ነው ሲልም ጠየቃት።

የሻለም ቀና አላለችም።

«ጋሼ ቢተው፣ ደክሞኛል። ተንበርክከው ይተኩኝ፤ ካልሆነ በሩን ይዝጉልን።»

ቢተው ወለሉን አየ፤ የሱሪውን ተኩስ አየ። በሩን ዘጋው፤ ከውጭ።

የጁማና ልብ መምታት የጀመረው ሁዜይፋ የሻለምን ተክቶ ብዙ ከተጫነ በኋላ ነው። በማግስቱ የሻለም ወደ ልምምዱ ክፍል ስትገባ ሁዜይፋ እንደ ልማዱ ተንበርክኳል። እጁን ከእሜቴ ደረት ሳያነሣ፣ የድቤውን ምት ሳያቋርጥ፣

«ኑሪ» አላት።