ሌጦ ይዘው የመጡ ባለዕዳዎች

ሥራ የጀመርኩት ታች ጋይንት፣ አርብ ገበያ፣ በገበያ ቀን ነው። ከደብረ ታቦር ያመጣኝ መኪና በአህያና በሰው መሀል መውጫ አጥቶ ሲቆም፣ ሻንጣዬን ተሸክሜ የተቀጠርኩበትን የገጠር ብድር ፕሮግራም ቢሮ በእግሬ ፈለግሁ። አስተባባሪው ተቀመጪ አላለኝም። የወንድ ቦት ጫማ፣ የደረሰኝ ጥራዝና የሞተር ሳይክል ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ሥራዬን ባጭሩ ነገረኝ፤ የወጣው ብድር መመለስ አለበት፤ ካልተመለሰ የምጠየቀው እኔ ነኝ። ሞተር መንዳት እንደማልችል ስነግረው ቁልፉን መልሶ ኪሱ ከተተው። ከዚያ ወዲያ የሄድኩበት ሁሉ በዚያ ጫማ ነው፤ ጫፉ ላይ ጨርቅ እየጠቀጠቅሁ።

የአስተባባሪውን ስም አልጽፍም። ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ የሠራ ሰው ያውቀዋል። አሁን በየሆቴሉ ስለ ገጠር ብድር ሥልጠና ይሰጣል ይሉኛል። ይህን የምጽፈው ዛሬ በብድር ሥራ ላይ ላሉ ልጆች ነው፤ ከሱ ሥልጠና የወሰዱ ካሉ ደግሞ በተለይ ለነሱ።

የእኔ መደብ የብድርና ቁጠባ ሠራተኛ ይባል ነበር። ከበላዬ የብድር ባለሙያው፣ ከሱ በላይ አስተባባሪው። ባለሙያው ንፋስ መውጫ ተቀምጦ ሪፖርት ይቀበላል፤ አስተባባሪው መኪና ይዞ ይዞራል። የተበዳሪዋን ቤት በር የማንኳኳው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ተዘዋዋሪ ብድር በወረቀት ላይ ቀላል ነገር ነው። ፕሮግራሙ ለመጀመሪያዎቹ ሴቶች ለእያንዳንዳቸው ሦስት ሴት በግ ይሰጣል። አርብተው የበጎቹን ዋጋ ይመልሳሉ። በተመለሰው ገንዘብ ለሁለተኛዎቹ ይገዛል፤ እነሱ ሲመልሱ ለሦስተኛዎቹ። ገንዘቡ መንደሩ ውስጥ ሲዞር ይኖራል፣ ፕሮግራሙም አስረክቦ ይሄዳል። ይህን ሥዕል በክብና በቀስት ተሥሎ ቢሯችን ግድግዳ ላይ ለዓመታት አይቼዋለሁ። ሥዕሉ ላይ የሞተ በግ አልነበረም።

የመጀመሪያዋ መንደሬ ደጋ ናት፤ ገብስና ባቄላ የሚዘራባት፣ ጭጋግ የማይለያት። የሴቶቹ ቡድን ሰብሳቢ እናኑ ትባላለች። ጥማድ በሬ ያለው ባል፣ ቆርቆሮ ቤትና ለማንም የማይመለስ አፍ ነበራት። ያን ጊዜ እሷንም አስተባባሪውንም አንቱ እል ነበር። አሁን ይበቃቸዋል።

በሁለተኛው ተራ ከተመዘገቡት አንዷ ይታይሽ ናት። ባሏ ሞቶባት መሬቷን ለእኩል አራሽ የሰጠች፣ በግቢዋ ዶሮ እንኳ የሌላት ሴት። እንዲህ ዓይነቷ ለምን እንዳልቀደመች ባለሙያውን ጠየቅሁት። ዋስ የላትም፣ ደሃዋን ካስቀደምን ገንዘቡ አይመለስም አለኝ። ፕሮግራሙ ለደሃ ሴቶች ነው ተብሎ ነበር የመጣው። ለይታይሽ ተራሽ ይደርሳል አልኳት። አምናኝ የበግ ቤት ሠራች፣ ከጎረቤት ለምና ድርቆሽ ከመረች። ከዚያ በየአርቡ ከገበያ ስትመለስ ቢሮው ግቢ ትገባለች። «እታለም፣ ተራዬ ደረሰ?» ትለኛለች። ገና ነው እላታለሁ።

በጎቹን የገዛቸው ገዥ ኮሚቴ የሚባል ነው፤ አስተባባሪው፣ ግዥ ሠራተኛውና ንብረት ክፍሉ። ከስማዳ ቆላ ገዟቸው፤ እዚያ ርካሽ ነበር። ከሴቶቹ አንዷም አብራ አልሄደችም። በጎቹ መንደር ሲደርሱ ቁጥር የተጻፈበት ቢጫ ፕላስቲክ ጆሯቸው ላይ ተመታ። ሴቶቹ ጉትቻ አሉት።

አስተባባሪው በዕደላው ቀን ንግግር አደረገ። ዕዳው እስኪያልቅ ድረስ በጎቹ የፕሮግራሙ ናቸው፤ መሸጥ የለም፣ ማረድ የለም፣ ለሰው መስጠት የለም አለ። ከኋላ አንዲት ሴት «ርቢ ነዋ» ስትል ሰማሁ። ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ።

ርቢ ማለት የሌላ ሰው ከብት ተቀብሎ፣ አርብቶ፣ ልጁን ከባለቤቱ ጋር እኩል መካፈል ነው። እናቲቱ የሰጪዋ ናት። ያለ አርቢዋ ጥፋት ከሞተች አርቢዋ ሌጦውን ወስዳ ለባለቤቷ ታሳያለች፤ በዚያው ያበቃል። ኪሳራው የባለቤቷ ነው። ይህን የጋይንት ልጅ ሁሉ ያውቃል። ሌላ ሰው የመረጠው፣ የሌላ ሰው ምልክት ያለበት፣ እንዳይሸጥ የተከለከለ በግ ሲሰጣቸው ሴቶቹ ሌላ ምን ይበሉት?

ስንመለስ መኪናው ውስጥ ነገሩን ለአስተባባሪው አነሳሁለት። ሴቶቹ እንደ ብድር የተቀበሉት አይመስለኝም አልኩት።

«ፈርመዋል አይደለም?» አለኝ።

«ጣታቸውን ነው ያተሙት።»

«ያው ነው።»

ሐምሌ ላይ የቆላዎቹ በጎች ማሳል ጀመሩ። የእንስሳት ጤና ሠራተኛው ዘግይቶ መጣ፣ መርፌውን ወጋ፣ እነዚህ በጎች እዚህ ብርድ ውስጥ ምን ያደርጋሉ ብሎ ጠየቀና ሄደ። እስከ ነሐሴ ከግማሽ በላይ አለቁ።

መስከረም ጠብቶ መስቀል ሳይደርስ፣ አንድ አርብ ጠዋት ሴቶቹ ቢሮው ግቢ ገቡ። እያንዳንዷ የበግ ሌጦ ትከሻዋ ላይ አንጠልጥላለች። ያልደረቀም ነበረበት፤ ሽታው ከነሱ ቀድሞ ገባ። አስተባባሪው ደጃፍ ላይ አንድ በአንድ ዘረጉት፤ ጉትቻው እንዲታይ ጆሮውን ወደ ላይ አድርገው።

«ጌታዬ፣ በጎችዎ ሞቱ» አለች እናኑ። «ሌጧቸው ይኸው። ጆሮውም አለ፣ ይዩት።»

አስተባባሪው የመሰለው ሰልፍ ነው። ማን እንዳነሳሳቸው ጠየቀ።

«ክረምቱ» አለችው።

የሚፈልገው ገንዘብ እንጂ ሌጦ እንዳልሆነ ነገራቸው። እናኑ ወደ ጓደኞቿ ዞረች። «ሰማችሁ? የሞተውን እንድናስወልድላቸው ነው።» ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። የሱ ፊት ጠቆረ። ዘበኛውን ጠርቶ ይህን ቆሻሻ ጣልልኝ አለው። ዘበኛው አልጣለውም፤ ከሰዓት በኋላ ለሌጦ ነጋዴ ሸጠው።

ይታይሽ እንደ ልማዷ ግቢው ውስጥ ነበረች። ሴቶቹ ሲወጡ የእናኑን ነጠላ ያዘች።

«አንቺስ ሌጦ ይዘሽ መጥተሽ ዕዳሽን አራገፍሽ። እኔ ምን ይዤ ልምጣ?»

«አንቺን ማን ጠየቀሽ? ያልተቀበልሽውን አምጪ የሚልሽ የለ።»

«እሱን ነው የምልሽ» አለች ይታይሽ። ነጠላውን ለቀቀቻት። ያን ቀን ተራዬ ደረሰ ብላ አልጠየቀችኝም።

አስተባባሪው ሴቶቹን ማኅበራዊ ፍርድ ቤት እንድከስ አዘዘኝ። እሱ አብሮኝ ሊመጣ ነበር፤ በዋዜማው ስብሰባ ገጠመኝ አለ። ብቻዬን ሄድኩ። ሦስቱም ዳኞች ገበሬዎች ናቸው። ሰብሳቢው፣ አያ ደምሌ የሚባሉ ሽማግሌ፣ ክሱን በትዕግሥት ሰምተው መጠየቅ ጀመሩ።

«ልጄ፣ በጎቹን ማን መረጣቸው?»

ቢሮው አልኩ።

«ሌጦውስ ደርሷችኋል?»

«ደርሶናል።»

«ታዲያ ከነዚህ ሴቶች ምን ቀራችሁ?»

የውል ወረቀት አለ አልኩ። አያ ደምሌ ወረቀቱን ከፊታቸው ገፋ አደረጉት። «አስነብበነዋል። በጉ ሲሞት እንዲህ ይደረግ የሚል አላገኘንበትም» አሉ። አልነበረበትም። ሕይወት ያለው በግ ዋጋው ይከፈል፣ የሞተው ሌጦው ከቀረበ ዕዳው ይቅር ብለው ፈረዱ።

ፍርዱ እንደተሰማ በመንደሩ የፕሮግራም በግ በሕይወት አልተገኘም። ሌጦ በየአርቡ ይመጣ ጀመር። ጉትቻው አሁን በክር ተሰፍቶ ነው። ከገበያ የተገዛ ሌጦ አመጡልኝ፣ ታሞ የሞተ ሳይሆን ታርዶ የተበላ በግ ሌጦ አመጡልኝ፣ አንዷማ የፍየል አመጣች። ፍየል ነው ስላት በጉ ቀጭን ስለነበር ነው አለችኝ። እየተናደድኩ ደረሰኝ እቆርጥላቸው ነበር። ለቢሮው ተቆርቁሬ አይደለም። በየሌጦው ይታይሽ ናት የምትታየኝ።

ሁለተኛው ተራ ቀረ። ይታይሽን ቤቷ ሄጄ ነገርኳት። ድርቆሹን እንኳ ልሽጠው አለች።

አስተባባሪው ግን የተናደደው በእኔ ነው። «ደርሶናል ማለትን ምን አመጣው?» አለኝ። ደርሶን ነበር እኮ አልኩት። ከተበዳሪዎች ጋር ተመሳጥራ የፕሮግራሙን ጥቅም አሳልፋ ሰጠች ብሎ ጻፈብኝ። የደመወዝ ጭማሪዬ ታገደ፣ ወደ ስማዳ ተዛወርኩ፣ ከዚያ እስቴ፤ ጡረታ የወጣሁት መካነ ኢየሱስ ነው። ፕሮግራሙ ሲዘጋ ብድሩ ያልተመለሰበት ምክንያት የኅብረተሰቡ የግንዛቤ እጥረት ነው ተብሎ ሪፖርት ተደረገ። አስተባባሪው ዛሬ ሥልጠና የሚሰጠው በዚህች ዓረፍተ ነገር ነው።

ስማዳ ቀፎ ነበር፤ እስቴ የድንች ዘር። ቀፎውን ቢሮው መረጠ፣ ንቡ ጥሎ ሄደ። ዘሩን ቢሮው ገዛ፣ ግማሹ ሳይበቅል ቀረ። በሁሉም ቦታ የመጀመሪያዎቹ ተቀበሉ፣ ሁለተኛዎቹ ጠበቁ። በሁሉም ቦታ ግንዛቤ ጎደለ።

በተዛወርኩ በሁለተኛው ዓመት ገደማ የታገደብኝን ገንዘብ ለመጠየቅ አርብ ገበያ ሄድኩ። አልሰጡኝም። ስመለስ በግ ተራው ላይ ይታይሽን አገኘኋት። ሁለት ጠቦት ልትሸጥ ይዛለች፤ መንገድ እንዲከተሉላት እናታቸውንም አምጥታለች። የእናቲቱ አንድ ጆሮ ጫፉ ተቆርጧል።

የማን በግ ናት አልኳት። የእናኑ ርቢ ናት አለችኝ።

«የእናኑ በጎችማ አልቀዋል። የሦስቱንም ሌጦ ራሴ ነኝ የተቀበልኳት።»

«ሁለቱ ሞተዋል» አለች ይታይሽ፤ ሳቋን አልደበቀችም።

ተናደድኩ፤ አልዋሽም። ያቺ በግ ለሷ በስሟ መሰጠት ነበረባት። አሁን እናኑ የፕሮግራሙን በግ የራሷ አድርጋ ከያንዳንዱ ወሊድ እኩል ትወስዳለች፣ ሰው ደግሞ ይመርቃታል። ይህን ለይታይሽ ነገርኳት። ጠቦቶቹን አስራ ጨርሳ ቀና አለች።

«እሱስ ልክ ነሽ፣ እታለም። በድርሻዬ ግን ሁለት ሴት በግ የራሴ አሉኝ። ይችም ብትሞትብኝ እናኑ ሌጧን ተቀብላ ታሰናብተኛለች። የናንተ ቢሮ እንዲህ ያሰናብተኝ ነበር?»

ገዢ መጣ። ጠቦቱን ወገቡን እየያዘ ይከራከራት ጀመር፤ እኔም መኪና እንዳያመልጠኝ ሄድኩ።

እናኑን ይቅር አላልኳትም። አስተባባሪውንም። ለሥራው ግን ከሁለቱም የተማርኩት ይህን ነው። ሴቲቱን የምታበድሯት ከሆነ ገንዘቡን ስጧት፤ በጓን ራሷ ትምረጥ፣ ስትፈልግ ትሽጥ፣ ኪሳራውንም ትሸከም። መርጣችሁ፣ ምልክት መትታችሁ፣ አትሽጪ ካላችኋት በጉ የናንተ ነው፤ ሲሞትም የሞተው የናንተ በግ ነው። ብድር ይሁን ርቢ፣ የትኛው እንደሆነ ውሉ ላይ ጻፉት፣ ከዚያ ወደ መንደር ሂዱ።