ፋይሉ ላይ ያለችው ሚስት

ሥራ የጀመርኩ ቀን ወይዘሮ ዘይነባ ካፖርት አለበሱኝና ወደ መደርደሪያዎቹ ወሰዱኝ። ጎንደር ከተማ፣ የጡረታ ጽሕፈት ቤት መዝገብ ክፍል ነው። ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ላይ ቆሟል፤ ስሜን ሲጠይቁኝ እንኳ መሬት መሬት እያየሁ ነበር የምመልሰው።

ወይዘሮ ዘይነባ የክፍሉ ኃላፊ ናቸው። «ፋይል ስታወጭ በቦታው የመውጫ ካርድ አስገቢ» አሉኝ። «ገጽ ለመግለጥ ደግሞ ጣትሽን እንዳትልሽ። የስንቱን ወታደር አቧራ ትበያለሽ!»

ማመልከቻ የሚመረምሩት አቶ ገረመው ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ። «አንቺ ፋይል ታመጫለሽ፣ ፋይል ትመልሻለሽ። ወሬ አልፈልግም።»

ደስ አለኝ። ከእኔ የሚፈለገው ዝምታ ከሆነ እሱን እችልበታለሁ።

ባሏ የሞተባት ሴት ስትመጣ መታወቂያዋንና ከሠራዊቱ የተጻፈውን የሞት ደብዳቤ ታቀርባለች። እኔ የሟቹን ፋይል አወጣለሁ። ሟቹ በሕይወት ሳለ የሞላው የሕይወት ታሪክ ቅጽ ላይ የሚስቱ ስም አለ። ስሙ ከመታወቂያዋ ጋር ከገጠመ ጡረታው ይፈቀዳል።

አንድ ቀን ጥሩነሽ የምትባል ሴት ከድብ ባሕር መጣች። ከል ለብሳለች፤ በዕድሜ ከእኔ ብዙም አትበልጥም። ባሏ ሃምሳ አለቃ ነበር፤ ግዳጅ ላይ ሞቶ አርባው ገና መውጣቱ ነው። አቶ ገረመው ቅጹን አይተው ፋይሉን ዘጉት።

«ፋይሉ ላይ ያለችው ሚስት ሌላ ናት።»

«ሌላ ማን?»

«የሰው ማኅደር ለማንም አይነገርም። አንቺ ግን አይደለሽም።»

አላለቀሰችም። ነጠላዋን ሰብስባ ወጣች። ፋይሉን ይዤ ተከተልኳት። ኮሪደሩ ላይ የባሏ ታላቅ ወንድም ይጠብቃት ነበር።

«ምን አሉሽ፣ የውብዳር?»

«እንሂድ አያ። ወንድምህ ሌላ ሚስት ነበረችው።»

ቆም ብዬ የያዝኩትን ፋይል ገለጥኩ። ቅጹ ላይ የተጻፈው ስም «የውብዳር» ነው፤ የአባት ስም የለውም። በእኛ አገር ሙሽራ ባሏ ቤት ስትገባ አማቷ አዲስ ስም ታወጣላታለች፤ በዚያ ቤት የምትጠራው በእሱ ነው። እናቴም ሁለት ስም አላት። ሃምሳ አለቃው ሚስቱን የጻፈው ቤቱ በሚጠራት ስም ነበር። ሌላዋ ሴት ራሷ ጥሩነሽ ናት።

አፌን ከፈትኩ። የአቶ ገረመው በር ክፍት ነበር። ዘጋሁት፤ አፌን ማለቴ ነው። እነሱ ደረጃውን ወረዱ፤ እኔ ፋይሉን መልሼ የመውጫ ካርዱን ነቀልኩ።

ዓመት አልፎ የተዘጉ ፋይሎች ወደ ምድር ቤት ይውረዱ ተባለ። የሃምሳ አለቃው ፋይል እጄ ላይ ሲደርስ መሸከም አቃተኝ። ለወይዘሮ ዘይነባ ነገርኳቸው።

«ወላሂ፣ አንቺ ልጅ ጉድ ነሽ! ይህን ይዘሽ ነው ምሳ ስትበይ የከረምሽው?» ክንዴን ይዘው አቶ ገረመው ፊት አቆሙኝ።

«ወሬ አልፈልግም ብዬ ነበር» አሉ አቶ ገረመው።

«ወሬ አይደለም። ተናገሪ!»

ተናገርኩ። አቶ ገረመው ቅጹን ደጋግመው አዩት። «ሦስት ምስክር ታምጣ» አሉና በቀበሌዋ በኩል ደብዳቤ ጻፉ።

ጥሩነሽ ከምስክሮቿ ጋር መጣች። ከሉን አውልቃለች። ጡረታው ተፈቀደላት። ሌሎቹ ሲፈርሙ ወደ እኔ ጠጋ አለች።

«ስሜን አሳይኝ።» ማንበብ አትችልም። ጣቷን ይዤ ፊደሉ ላይ አኖርኩት።

«በራሱ እጅ ነው የጻፈው?»

«በራሱ እጅ ነው።»

«ሙት ዓመቱን አስቀረሁበት። ቄሱ ሲለምኑኝ፣ ሌላዋ ታውጣለት አልኩ።» ጣቷን አላነሳችም። «አንቺ መቼ አወቅሽ?»

«ያን ዕለት።»

«ምነው ዝም አልሽ ታዲያ?»

«አፈርኩ።»

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ነጠላዋን ተከናንባ ወጣች።

አሁን ለአዲስ ተቀጣሪዎች ሥራ የማሳየው እኔ ነኝ። ስለ ካርዱም ስለ አቧራውም እነግራቸዋለሁ። ባሏ የሞተባት ሴት ስትመጣ፣ ፋይሉ ከመዘጋቱ በፊት፣ «አማትሽ ማን ብለው ይጠሩሽ ነበር?» ብዬ እጠይቃለሁ። ድምፄ ዛሬም ይንቀጠቀጣል። እየተንቀጠቀጠም ይጠየቃል።