መሣሪያው ያየውን የደበቅሁበት ክረምት

ይህን ነገር ሳወራ ድምፄ ስለሚጮህ ባለቤቴ ተነሥታ በሩን ትዘጋለች። ትዝጋ። እኔ ግን ቀስ ብዬ ላወራው አልችልም።

ሃምሳዎቹ ሊጋመሱ ሲሉ ወረታ ላይ የእንግሊዝኛ መምህር ነበርኩ። በዚያ በጋ ጣናን ሊያጠና የመጣ አንድ ፈረንጅ አስተርጓሚ አጣና እኔን ወሰዱኝ። ሰውየው ዕድሜውን ውቅያኖስ ሲያጠና የኖረ ነው። መርከቦች ድምፅ ወደ ባሕር ወለል እየላኩ፣ ሰው አይቶት የማያውቀውን ተራራና ገደል እንዴት እንዳገኙ ሲነግረኝ አፌን ከፍቼ እሰማው ነበር።

ወደ ጣናም ያመጣው ያንኑ መሣሪያ ነው። በሞተር ጀልባው ጎን አንድ የብረት ሣጥን ታስሯል። ሣጥኑ ድምፅ ወደ ታች ይልካል፤ ድምፁ ወለሉን መትቶ ይመለሳል፤ ለመመለስ የፈጀው ጊዜ ጥልቀቱን ይናገራል። ውስጡ ወረቀት ቀስ እያለ ይጠቀለላል፣ መርፌም የወለሉን ቅርጽ እየጫረ ይስልበታል።

መንገድ መሪ ስላስፈለገን ታላቅ ወንድሜን አመጣሁ። እናትና አባታችን ቀድመው ስላለፉ ያሳደጉኝም ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው፤ አያ እላቸው ነበር። ቤታቸው ከርብ ወንዝ በስተግራ፣ ወንዙ ጣና ከሚገባበት ብዙም ሳይርቅ ነው። ለይፋግ ገበያ ርብን በደንገል ታንኳ ሲሻገሩ ስለኖሩ ውሃውን እንደ ጓሯቸው ያውቁታል።

አያ መጀመሪያ ሣጥኑን አላመኑትም። ታንኳቸውን አስጠግተው ረጅሙን ዘንጋቸውን ወደ ውሃው ሰደዱና «አራት ክንድ» አሉ። ፈረንጁ ወረቀቱን አይቶ «ሁለት ሜትር» አለ። ያው መሆኑን ስነግራቸው ሳቁ። «ይህስ የማይዋሽ ነው» አሉ።

በሦስተኛው ቀን የርብ አፍ ደረስን። አያ በታንኳቸው ራቅ ብለው ይመሩናል። ፈረንጁ ሞተሩን አስጠፋና የቆየ ካርታ አውጥቶ፣ ከዓመታት በፊት የእርሳስ ብረት በታሰረበት ገመድ የተለካውን ከአዲሱ ጋር አስተያየ። ደጋግሞ አስለካ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«ወንዙ አፉን በደለል እየደፈነ ነው» አለኝ። «ቀድሞ በቀኝ በኩል ይፈስስ ነበር። አሁን በቀኝ መውጫ የለውም። ክረምቱ ከበረታ በግራ በኩል ሰብሮ ይወጣል። እዚያ ሰው አለ?»

እንዴት የለም! የግራው ዳር ውሃ ገብቶበት የማያውቅ ስለሆነ፣ የቀኙ ሰው እንኳ በክረምት ከብቱን የሚያሸሸው ወደዚያ ነበር።

ጀልባው ላይ ከኛ ጋር የተመደበ አንድ ሹም ጥላ ዘርግቶ ተቀምጧል። ያኔ እርስዎ እለው ነበር፤ ዛሬ አልለውም። ተርጉሜ ስነግረው ፊቱ ጠቆረ።

«ይህን ለባላገሩ ትንፍሽ እንዳትል» አለኝ። «ሕዝብ ማሸበር ይሆናል። በጽሑፍ አድርገህ ለእኔ ስጠኝ፤ በወጉ በመንግሥት በኩል ይነገረዋል።»

አያ ታንኳቸውን አዙረው መጡ። «ምን አለ ሣጥኑ?» ሲሉ ጠየቁኝ።

ሹሙ ዓይን ዓይኔን ያየኛል።

«ምንም፣ አያ። ጥልቀቱን ብቻ ነው።»

«ታዲያ ፈረንጁ ምን ሆኖ ነው የተከዘው?»

«ፀሐዩ መትቶት ነው» አልኩ። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ፤ ማንም አላስተማረኝም።

በማግሥቱ አንድ ገጽ ሙሉ በአማርኛ ጽፌ ለሹሙ ሰጠሁ። ፈረንጁ ወደ አገሩ ተመለሰ። በግንቦት ሄጄ ጠየቅሁ፤ «ተልኳል» አለኝ። በሰኔ ሄጄ ጠየቅሁ፤ «መልስ እየጠበቅን ነው፤ አንተ መምህር ነህ ወይስ አለቃዬ?» አለኝ። ቀጥ ብዬ አያ ቤት መሄድ እችል ነበር። ግማሽ ቀን መንገድ ነው። ሥራዬን ፈራሁና ቀረሁ።

በፍልሰታ፣ ሰው ቅዳሴ ላይ ሳለ፣ ርብ በግራ ሰበረ። ቤተ ክርስቲያኑ ከፍታ ላይ ስለሆነ አያን ጨምሮ እዚያ የነበረው ሁሉ ተረፈ። የአያ ሚስት ግን ታማ ቤት ቀርታ ነበር። በልጅነቴ እንደ ልጇ ያጎረሰችኝ ሴት ናት። ውሃው ሲመጣ አንዲት ጎረቤት ጣሪያ ላይ ሆና ጠራቻት። እሷ ጥጆቹን ልትፈታ ወደ ጋጣው ገባች። ያገኘናት በሦስተኛው ቀን ነው፤ ገመዱ እጇ ላይ ተጠምጥሟል።

ከቀብሩ በቀጥታ ሹሙ ቢሮ ሄድኩ። «ወረቀቴ የት አለ?» አልኩት።

«የእግዚአብሔርን ቁጣ በወረቀት ልታቆመው ነበር?» አለኝ።

ጠረጴዛውን ዞሬ መሳቢያውን ሳብኩት። እዚያው ነበር። በራሴ የእጅ ጽሑፍ፣ አራት ላይ ታጥፎ፣ ማኅተም ሳያርፍበት። በወንበር ልበለው ወይስ በቡጢ ሳስብ ዘበኛው ያዘኝ። ሳልመታው መቅረቴ እስካሁን ይቆጨኛል።

ወረቀቱን ግን አልለቀቅሁም። በእሑድ ቅዳሴ ሲያበቃ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ለሕዝቡ አነበብኩት። ማን እንደጻፈው፣ ማን እንደደበቀው፣ እኔም ለወንድሜ ምን ብዬ እንደዋሸሁ ተናገርኩ። አያ እስክጨርስ ቆመው ሰሙኝ።

«ጠይቄህ ነበር እኮ» አሉኝ።

«አዎ፣ አያ።»

«ለኔ ብትነግረኝ፣ ለማንም ባልናገር እንኳ፣ እሷን ይዣት እወጣ ነበር።»

ዞረው ሄዱ። በወሩ እኔ ሕዝብ በማነሣሣት ተከስሼ ወደ ሩቅ አውራጃ ተዛወርኩ። ሹሙ ማዕረግ ተጨመረለት።

ሁለት ዓመት ሙሉ አያ አላናገሩኝም። የመንደሩ ሰው ማንንም ሳይጠብቅ ቤቱን ወደ ከፍታው አወጣ። በሦስተኛው ዓመት ፈረንጁ የታተመውን ካርታ በፖስታ ላከልኝ። የጣና ወለል በሰማያዊ ቀለም፣ ከጉድጓዱ እስከ ደለሉ ተስሏል። ይዤው አያ ዘንድ ሄድኩ። ደጃፋቸው ላይ ቆሜ «ቁጥሩ ሁሉ እዚህ አለ» አልኳቸው።

አያ መደቡን በነጠላቸው ጠረጉት።

«ቁጭ በልና አንብብልኝ» አሉ። «አንድም እንዳትዘልል።»

ከዋንዛዬ ፍል ውሃ መልስ የነበሩ ሁለት ጎረቤቶችም ገብተው ተቀመጡ። እስኪመሽ አነበብኩ። አያ በየመሐሉ እያስቆሙኝ ይጠይቃሉ፣ እኔም እመልሳለሁ። ስንጨርስ ይቅር አላሉኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ካርታውን ግን አስቀርተውታል።