ስለት የገባች ብስክሌት

እናቴ ብስክሌቴን ለነአኩቶ ለአብ መሳሏን የሰማሁት ጀሶው ከእግሬ በወለቀ ሰሞን ነው። ወጌሻው ቁርጭምጭሚቴን በቅቤ ያሻሉ፤ እኔ ጥርሴን ነክሼ ጣራ ጣራውን አያለሁ። እሷ ራስጌዬ ቁጭ ብላ፣

«አይዞህ ልጅየ፣ ይድናል። ተስዬልሃለሁ» አለችኝ።

ጧፍ ወይም ጥላ መስሎኝ ምን እንደሆነ ጠየቅኋት። ፊቷን ወደ በሩ መለሰች።

«ያችን ብስክሌት። እግሩን መልስልኝ እንጂ አስገባልሃለሁ ብየዋለሁ።»

«የኔን ብስክሌት?»

«አንተስ የማን ነህ?»

ወጌሻው ሳቃቸው አመለጣቸው። «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፤ በል እግርህን ዘርጋ» አሉኝ። እናቴን አኮረፍኳት። ኩርፊያዬን ከቁም ነገር ሳትቆጥር እያጎረሰች ከረመች።

አስተማሪ ነኝ። ትምህርት ቤቴ ከላሊበላ ወደ ነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን በሚወርደው መንገድ ላይ ነው። ጠዋት ብስክሌቷ ይዛኝ ትወርዳለች፣ ማታ እኔ እየገፋሁ አወጣታለሁ። ባልደረቦቼ «ጥጃህን ልታስገባ ነው?» እያሉ ያሾፉብኛል። ያሹፉ። ከቀኔ ውስጥ ማንም ምንም የማይጠይቀኝ በዚያች ቁልቁለት ላይ ብቻ ነው። ነፋሱ ጆሮዬን ይሞላዋል፣ የገብሱ ማሳ በግራ በቀኝ ያልፋል፣ አስተማሪ መሆኔንም እረሳዋለሁ።

የወደቅሁትም እዚያው ነው። ከመታጠፊያው በጎች ወደ መንገዱ ተግተልትለው ሲወጡ ደንግጬ ፍሬኑን ትቼ እግሬን ሰደድኩ፤ ቁርጭምጭሚቴ ከሥሬ ታጠፈ። አጨዳ ላይ የነበሩ ገበሬዎች ማጭዳቸውን ጥለው በቃሬዛ ዳገቱን ተሸክመው አወጡኝ። እናቴ ከደጅ ቆማ ያየችው እኔን ሳይሆን ቃሬዛውን ነው። አባቴንም ለመጨረሻ ጊዜ ያየችው እንዲሁ በቃሬዛ ሲመጣ ነበር። የተሳለችው ያኔ መሆኑን ቆይቼ ተረዳሁ።

እግሬ ዳነ። ክራንቹን ጥዬ በምርኩዝ፣ ከዚያም ያለ ምርኩዝ መሄድ ጀመርኩ። እግሬ በዳነ ቁጥር ብስክሌቷ ከእጄ ልትወጣ ትቀርባለች፤ ደስታዬም ንዴቴም አንድ ላይ ይመጡብኝ ነበር። ቢሆንም ስለት አይደፈርም። የታቦቱ በዓል ዕለት አጥቤ፣ ሰንሰለቷን ዘይት ቀብቼ፣ ራሴ እየገፋሁ ወሰድኳት። መንገዱ ሙሉ ቁልቁለት ነው፤ አልተቀመጥኩባትም።

ስለት የገባ ዕቃ ከቅዳሴ በኋላ በጨረታ ይሸጣል፤ ገቢው ለቤተ ክርስቲያኑ ነው። እኔ ያለኝን ለሕክምና ጨርሼ ስለነበር ከሰዉ ኋላ ቆምኩ። አጫራቹ ጥላዎቹን ሸጦ ብስክሌቷን ወደ ፊት ሳባት።

«ማን ይጀምር?»

እናቴ ከመቀነቷ የተቋጠረ ጨርቅ እየፈታች ዋጋ ጠራች። ዓይኔን ማመን አቃተኝ።

ከእሷ በላይ የሚጠራ ጠፋ። የተሸከሙኝ ገበሬዎች ከፊት ነበሩ፤ አንድ ነጋዴ አፉን ሊከፍት ሲል አንዱ በክርኑ ጎሸም አደረገው። ነጋዴው እኔን አየኝ፣ እግሬን አየ፣ ዝም አለ። ለሐኪሙም ለወጌሻውም ምስጋናዬን አድርሻለሁ፤ የዚያን ቀን ዝምታ ግን በምን እንደምመልሰው እስካሁን አላውቅም።

አጫራቹ «አንደኛ፣ ሁለተኛ» ብሎ ሊጨርስ ሲል እናቴ ተቆጣች።

«ምነው፣ ሰው የለም እንዴ? ለታቦቱ እኮ ነው! በዚህ ርካሽ አልወስዳትም!» ብላ በራሷ ላይ ጨመረች።

«እማማ፣ ማንም አልበለጠዎትም እኮ» ቢላት ደግማ ጨመረች። ጨርቁ ባዶ እስኪሆን እንዲሁ ራሷን ስትበልጥ ቆየች። ሰዉ በሳቅና በእልልታ አጀባት።

ስንመለስ «እምየ፣ ትፈሪያት የለም እንዴ?» አልኳት።

«እፈራታለሁ። ግን እኮ አንተየ፣ መንገድ መንገዱን ስታይ ከረምክ።»

ዳገቱን አብረን ገፋናት።

በማግስቱ ስነሳ እናቴ የለችም። ኪዳን ልታደርስ ወጥታ ይሆናል ብዬ ብስክሌቴን አወጣሁ። የመጀመሪያውን ፔዳል ስረግጥ ቁርጭምጭሚቴ ጠዘጠዘኝ፤ መጠዝጠዙም የራሴ እግር ነውና ተመስገን አልኩ። ቁልቁለቱ ተቀበለኝ፣ ነፋሱ ጆሮዬን ሞላው። መታጠፊያው ሲቀርብ ግን በሁለት እጄ ፍሬን ያዝኩ።

እናቴ አስፋልቱ ዳር ቆማለች። ነጠላዋን ግራና ቀኝ ዘርግታ በጎቹን ወደ ማሳው መልሳቸዋለች።

«እለፍ ልጅየ» አለችኝ፣ ዓይኗን ከበጎቹ ላይ ሳታነሳ። «ይዤልሃለሁ።»