ግማሹ ዓሣ

ትናንት ቢቸና ገበያ የወሰደን ባጃጅ፣ ከሹፌሩ ወንበር ጀርባ በሁለት ጎባጣ መስመር የተሣለ ዓሣ ተለጥፎበታል። ልጄ መስመሩን በጣቷ እየተከተለች፣ «እማዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?» አለችኝ።

አባቴ ቄስ ነበሩ። ልጆች ሳለን ደጃፋችን ላይ አፈሩን በእጃቸው ደልድለው አንድ ጎባጣ መስመር ያሰምሩና፣ «በሰማዕታት ዘመን ክርስቲያን ክርስቲያኑን የሚያውቀው በዚህ ነበር። አንዱ ግማሹን ያሰምራል፤ ሌላው ሞልቶ ዓሣ ያደርገዋል። ያን ጊዜ ሳይፈሩ ይተቃቀፋሉ» ይሉን ነበር። እኔና ታላቅ ወንድሜ እየተሽቀዳደምን እንሞላዋለን።

ወንድሜ ሞጣ ሊማር ሄዶ ጴንጤ ሆነ ተባለ። ለፋሲካ ሲመጣ አባቴ በሩ ላይ ቆመው፣ «የማን ቤት ብለህ ነው?» አሉት። እሱም ቁጢጥ ብሎ አፈሩ ላይ አንድ ጎባጣ መስመር አሰመረና ቀና ብሎ አያቸው።

«በእመብርሃን፣ ይሙሉለት!» አለች እናቴ።

እኔ ልሞላው ጎንበስ ስል አባቴ ክንዴን ያዙኝ። «የቀረውን እነዚያ የሞጣ ወዳጆችህ ይሙሉልህ» ብለው በሩን ዘጉት። ማታ ከብቶቹ ሲገቡ መስመሩን ረግጠውት አለፉ። ወንድሜም ዳግመኛ አልመጣም።

ልጄ መልሴን ትጠብቃለች። ሹፌሩ በመስታወቱ አየኝ።

«የዓሣ ቤት ማስታወቂያ ነው» አልኳት።