ጂንጀሊ የሚባለው መድኃኒት

ጣሊያን መተማን ለቆ በወጣበት በጋ እናቴ ቀኝ እጇን መዘርጋት አቃታት። ቤታችን በጦርነቱ የተቃጠለ ጊዜ የዘር ሰሊጣችንን ላውጣ ብላ እሳት ውስጥ ገብታ ነበር። ጆንያው ተረፈ፤ እጇ ግን ተቃጠለ። ቁስሉ ሲደርቅ ቆዳዋ ተሸማቀቀና ጣቶቿ ወደ ውስጥ ታጥፈው ቀሩ።

ደረቁን ወንዝ ተሻግረን ጋላባት፣ እንግሊዞች ድንኳን ወደተከሉበት ወሰድኋት። ሐኪሙ ብዙ ዘመን ህንድ የኖረ እንግሊዝ ነው አሉን። እጇን አገላብጦ አየና ለሱዳናዊው አስተርጓሚ ተናገረ።

«ጠዋትና ማታ በጂንጀሊ ዘይት እያሻችሁ ጣቶቿን አፍታቱ ይላል» አለን አስተርጓሚው።

«ጂንጀሊ ምንድን ነው?»

«እኔም ገና ዛሬ መስማቴ ነው። የአገራቸው መድኃኒት ይሆናል።»

ሦስት ቀን ፈለግሁ። የጠየቅሁት ነጋዴ ሁሉ የለም አለኝ። በመጨረሻ ከየመን መጥተው ጋላባት ከሰነበቱ አንድ ሽማግሌ ባለሱቅ ዘንድ ገባሁ።

«አባቴ፣ ጂንጀሊ የሚባል የፈረንጅ መድኃኒት ይኖርዎታል?»

ቃሉን ሁለት ጊዜ ለራሳቸው አሉትና ሳቁ። ከጓዳ አንድ ያልተራገፈ የሰሊጥ አገዳ አምጥተው ጆሮዬ ሥር ነቀነቁት። ፍሬው በደረቀው ቅርፊት ውስጥ ተንሿሿ።

«ይኸውልሽ ልጄ። እዚህ ሲምሲም ይሉታል፤ በኛ አገር ጁልጁላን ነው። ጁልጁል ማለት ቃጭል ነው፤ እንደ ቃጭል ስለሚጮህ ነው ይሉ ነበር አባቴ። ቃሉን የኛ መርከበኞች ከፍሬው ጋር ህንድ ሳያደርሱት አይቀሩም፤ እንግሊዝ ደግሞ ከህንድ ሰው አፍ ለቀመው።»

አፍሬም ስቄም ቤት ገባሁ። ከጆንያው ጥቂት ላስጨምቅ ስል እናቴ ተቆጣች።

«ዘሬን? ክረምት ሲገባ ምን ልንዘራ ነው?»

ተመልሼ ለሽማግሌው ነገርኋቸው። «እውነቷን ነው» ብለው አንድ ጠርሙስ ዘይት ሰጡኝ።

እያሸሁ ጣቶቿን ሳፍታታ ጥርሷን ነክሳ ትችለው ነበር። ዝናቡ ሲጀምር አራቱ ጣቶቿ ተዘረጉ፤ ትንሿ ብቻ እምቢ አለች። በዚያው እጇ ዘራች።

ሐኪሙን ላመሰግን፣ ስለ ቃሉም ልነግረው ብሄድ ድንኳኑ ተነቅሏል። ወደ ጎንደር አልፈዋል አሉኝ።