ከመኪናዋ ሥር

አጎቴን ሊጠይቅ የመጣ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው እግሩን ነበር። ከግቢው በር ገባ እንዳሉ፣ ግንቡን ተጠግታ ከቆመችው አሮጌ መኪና ሥር፣ ሁለት ጫማዎች አፍንጫቸውን ወደ ሰማይ ቀስረው ይታያሉ። ጫማዎቹ አንድ ዓይነት ሆነው አያውቁም። እንግዳው «እንደምን አደርክ» ይላል፣ ለጫማዎቹ። የቀኙ ጫማ ነቅነቅ ይላል። ሰላምታው በዚሁ ያልቅና ወሬ ይጀመራል። ዓይን ለዓይን ካልተያየ ሰው ሆዱን ቶሎ ይከፍታል መሰለኝ፣ ለአጎቴ ፊት ያልተነገረ ብዙ የሰፈር ጉዳይ ለእግሩ ተነግሯል። የማን ልጅ ፈተና እንደወደቀ፣ ማን ከሚስቱ ጋር እንደተኳረፈ፣ እሱ የሚሰማው በጀርባው ተንጋሎ፣ ካቻቢቴ በጥርሱ ነክሶ ነው። ለዚህም ይሆናል ምክር የማይሰጠው።

መካኒክ አልነበረም። ዕድሜውን ሙሉ የአንድ መሥሪያ ቤት ሾፌር ነበር። መኪናዋን ከአዲስነቷ ጀምሮ የነዳት እሱ ነው። ሥራ አስኪያጆች መጡ፣ ሄዱ፤ እሱና እሷ ቀሩ። ጡረታ በወጣበት ዓመት እሷም በጨረታ ወጣች፤ ከእሱ በቀር የተጫረተ አልነበረም። ማሸነፉ ሲነገረው ደነገጠ ይባላል።

ሚስቱ፣ እኛ እትዬ የምንላት፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከኋላ በስተቀኝ ተቀመጠች። ሥራ አስኪያጆቹ ሁሉ እዚያ ነበር የሚቀመጡት፤ እሷስ ከማን ታንሳለች? አጎቴም አልተከራከረም። ወርዶ በሩን ይከፍትላታል፣ ትገባለች፣ በሩን ይዘጋል። ከገበያ ሲመለሱ ከፊት ወንበር የሚቀመጠው ሽንኩርቱ ነው።

ጡረታና አሮጌ መኪና አይዋደዱም። አጎቴ «መለዋወጫው ከገበያ ጠፍቷል» ይል ነበር። መለዋወጫው አልጠፋም፤ የጠፋው መግዣው ነው። ስለዚህ መኪናዋ የምትጠገነው ቤት ባፈራው ሆነ። ሽቦ፣ ቆርቆሮ፣ የአሮጌ ጫማ ሶል፣ ከየት እንደመጣ የማይጠየቅ ቁርጥራጭ ብረት። ዓመታት ሲያልፉ ሁለቱን አንድ በሽታ ያዛቸው። ጠዋት መነሳት ይቸግራቸዋል፤ ሲነሱ ያቃስታሉ፤ አንዴ ከሞቁ ግን ደኅና ናቸው፣ ዳገት ካልመጣ።

ባለፈው ክረምት ከመኪናዋ ሥር እንደገባ ወገቡ ያዘውና መውጣት አቃተው። ሁለት ጎረቤቶች እግሩን ይዘው ጎተቱት። ሸሚዙ ወደ ብብቱ ተሰብስቦ፣ ሆዱ ተገልጦ፣ እንደ ጆንያ ሲወጣ እትዬ ከደጃፍ ቆማ አየች። አልጮኸችም። የዚያኑ ዕለት ከግንቡ ማዶ የሚኖረውን ጡረተኛ የሒሳብ መምህር ጠርታ በፊቱ አጎቴን ቃል አስገባችው። በራሱ መውጣት ያቃተው ቀን መኪናዋ በኪሎ ትሸጣለች። አጎቴ እጁን አውጥቶ ማለ። ብዙ ጉድለት ነበረበት፤ ቃሉን መብላት ግን ከጉድለቶቹ አንዱ አልነበረም።

ገዢም የሚጠፋ አልነበረም። ቅዳሜ ቅዳሜ ጋሪው ላይ ሚዛን ጭኖ የሚያልፍ አንድ ብረት ገዢ ነበር። በግቢው በር ሲያልፍ ቆም ይልና መኪናዋን ዛፍ ላይ እንዳለ ማንጎ አተኩሮ ያያታል።

«ገና አልበሰለችም፣ አባባ?» ይላል።

«ገና ጥሬ ናት» ይላል አጎቴ ከሥር።

ነገሩ የሆነው እንግዲህ በአንድ ቅዳሜ ነው። ማርሚታዋ፣ ማለትም የጭስ ማውጫዋ ቱቦ፣ ማንጠልጠያው ተበጥሶ መሬት መጫር ጀምሯል። አጎቴ መኪናዋን በክሪክ አነሳ፣ ጉማጅ እንጨት ከሥሯ ደገፈ፣ ጫማዎቹን ወደ ውጭ ትቶ ገባ። ሥራው ቀላል ነበር። ሽቦውን አዞረ፣ ጫፉን በፒንሳ ጠመዘዘ፣ አለቀ። ልውጣ ሲል ወገቡ እንደ ዛገ ማጠፊያ ድርቅ አለ።

በግራ ሞከረ። በቀኝ ሞከረ። ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ሰው ዝም ብሎ ተጋደመ። እጁ የደረሰበትን ብሎን ሁሉ አጠበቀ፤ የጠበቀውን አላላና እንደገና አጠበቀ። መኪናዋ በሕይወቷ እንደዚያን ዕለት ጠብቃ አታውቅም ብሎኛል።

መምህሩ የዳማ ሰሌዳውን በብብቱ ይዞ መጣ። ትናንት አጎቴን አሸንፎት ስለነበር ደስታው ገና አልበረደም። ባልዲ ገልብጦ እግሮቹ አጠገብ ተቀመጠና ስለ ተሸናፊዎች ጠባይ አንድ ሁለት ነገር አስተማረ። ቀጥሎ የመዶሻ ድምፅ ለምን እንደማይሰማ ጠየቀ። አጎቴ አጠገቡ ያለውን ብረት መታ መታ አደረገ። መምህሩ በቃ ውጣና ብድርህን መልስ አለው።

«ዛሬ አልጫወትም» አሉ እግሮቹ።

መምህሩ ተነስቶ ቆመ። በዚያ ሁሉ ዘመን አጎቴ ዳማ እምቢ ብሎ አያውቅም። ትኩሳት ይዞት ተጫውቷል፤ ጥርሱ በተነቀለበት ቀን ጥጥ ነክሶ ተጫውቷል። መምህሩ ቀጥ ብሎ ወጥ ቤት ሄደና ለእትዬ ተናገረ። «ባልሽ ተቀይሞኛል። ዳማ እምቢ አለኝ።»

እትዬ ሽንኩርት የምትከትፍበትን ቢላ አስቀመጠች። ወዲያው ገብቷታል። መምህሩን «ይመለሳል፣ ተወው ለዛሬ» ብላ ወደ ቤቱ ሸኘችው። የመሐላው ምስክር እሱ ነበር። እንዲያይ አልፈለገችም ይሆን ወይስ መጀመሪያ ራሷ ልታይ ፈልጋ፣ እስከ ዛሬ አልነገረችኝም።

ሄዳ ከእግሮቹ አጠገብ ቆመች።

«ምሳ ደርሷል።»

«ትንሽ ቀረኝ።»

«ምን ቀረህ?»

«ትንሽ።»

«እስቲ ልየው» አለችና ባዶ ጆንያ አንጥፋ፣ ቀሚሷን ሰብስባ፣ በጎኗ እየተሳበች ከአጠገቡ ገባች። ያን ሁሉ ዓመት ከኋላ በስተቀኝ የተቀመጠችባትን መኪና ሆዷን አይታው አታውቅም ነበር።

መጀመሪያ ያየችው ጭልፋዋን ነው። እጀታው ተጣጥፎ አንድ ቀጭን ቱቦ አቅፎ ይዟል። ከጭልፋው አለፍ ብሎ የቦርሳዋ ዘለበት ነበር። ማርሚታው ላይ የተጠቀለለው ቆርቆሮ ሴት ልጃቸው ያደገችበት የወተት ዱቄት ጣሳ ነው፤ የሕፃኑ ሥዕል ተቃጥሎ አንድ ወፍራም ጉንጭ ቀርቷል። ልጅቷ ዛሬ የራሷን ልጆች ትምህርት ቤት ታመላልሳለች። የመጋረጃ ቀለበቶች፣ የድስት ክዳን ማንጠልጠያ፣ የቀበቶዋ ግማሽ። ከአልጋ ሥር፣ ከቁም ሳጥን ጀርባ ስትፈልጋቸው የኖረቻቸው ዕቃዎች ሁሉ እዚህ ተቀጥረው ሥራ ላይ ነበሩ።

እትዬ አንድ በአንድ እየጠቆመች «ይሄ የኔ ነው?» ትላለች፤ አጎቴ «አዎ» ይላል። እንዲህ እያሉ ጣቷ ሞተሩ ሥር ደረሰ። ጭቃ እንዳይረጨው መከለያ ሆኖ የታሰረው ትልቁ የብረት ትሪ ነበር፣ የሠርጋቸው ስጦታ። ጠርዙ ላይ ያለው አበባ በዘይቱ ውስጥ አሁንም ይለያል።

ስለዚህ ትሪ እኔም የማውቀው ነገር አለ። በጠፋበት ሰሞን እነ እትዬ ቤት የመጣ እንግዳ እናቴ ብቻ ነበረች፣ የአጎቴ እህት። እትዬ ምንም አላለችም። ግን ከዚያ ወዲህ እናቴ ስትመጣ የዕቃ ሣጥኑ ተቆልፎ ይቆያል፤ እናቴም መምጣቱን እየቀነሰች ሄደች፤ በመጨረሻ ተወችው። ልጅ ሆኜ ለምን እዚያ እንደማንሄድ ስጠይቃት «እነሱ ቤት ትሪ ጠፍቷል» ትለኝ ነበር። መልስ አይመስለኝም ነበር። እናቴ ከሞተች ብዙ ጊዜ ሆኗል።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የአጎቴ ዝምታ አልነቀዘም፤ ዝጓል።

«እህትህን ጠርጥሬያት ነበር» አለች እትዬ ትሪውን እያየች።

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

አጎቴ የጠበቀውን ብሎን እንደገና አጠበቀ። «ትሪውን ከፈታሁት ሞተሩ ጭቃ ይገባበታል ብዬ ነው። በኋላ ደግሞ ጊዜው አለፈ። በኋላ ደግሞ እሷ ሞተች።»

አለቀስሽ ወይ ብዬ ጠይቄያታለሁ። ዘይት ዓይኔ ውስጥ ጠብ ብሎ ነበር ነው ያለችኝ። አጎቴንም ጠይቄዋለሁ። መኪናዋ ዘይት አታፈስም፣ ያንን ራሱ ጠግኖታል፣ ግን ስለዚያ ከሚስቱ ጋር አይከራከርም።

በመጨረሻ አጎቴ ወገቡ እንደያዘው ተናዘዘ። እትዬ አውቄያለሁ፣ እምቢ ያልከው እኮ ዳማ ነው አለችው። ልውጣና ልጎትትህ ብላ ተንቀሳቀሰች። ጉልበቷ እምቢ አለ። እንደገና ሞከረች። ጎን ለጎን ተጋድመው የመኪናዋን ሆድ እያዩ ቀሩ። ምሳው ወጥ ቤት ውስጥ ማረር ጀምሮ ሽታው ከሥር ድረስ ይመጣል።

የጋሪው መንኮራኩር ድምፅ ከመንገዱ ራስ የተሰማው ያኔ ነው። ብረት ገዢው «ያረጀ! የተሰበረ!» እያለ ቀስ ብሎ ቀረበ። አጎቴ ዓይኑን ጨፈነ። ጋሪው በሩ ላይ ቆመ።

«ዛሬ አራት እግር አየሁ፣ አባባ» አለ ገዢው።

«ሥራ ላይ ነን» አለች እትዬ።

ሰውየው የጋሪውን እጀታ መሬት አስቀመጠ።

«እጅህ ካልተያዘ ጎትተን» አለች።

መጀመሪያ እሷን አወጣ፣ ቀጥሎ እሱን። ብረት የለመደ እጅ ነውና ያለ ችኮላ፣ ጠርዙ እንዳይሰበር እንደሚፈሩለት ዕቃ አድርጎ አወጣው። አጎቴ ጎማውን ተደግፎ ተቀመጠ። ማንም ሳይጠይቀው ተናገረ።

«በራሴ አልወጣሁም። ቃሌ ቃል ነው።»

ገዢው መኪናዋን አየ፤ ሚዛኑን አየ። ይህን ቀን በትዕግሥት የጠበቀ ሰው ነው። «በሰለች ማለት ነው?» አለ፣ በአክብሮት።

እትዬ ቀሚሷን እያራገፈች ነበር። «አትሸጥም» አለች። «ሆዷ ውስጥ የኔ ዕቃ አለ።»

«ዕቃዎን ያውጡና የተረፈውን እንመዝናለን፣ እማማ።»

«እሱ ከወጣ የሚተርፍ የለም።»

ገዢው ይህን ለመረዳት ጎንበስ ብሎ ከሥር ተመለከተ። ሲነሳ ክርክሩን ትቶታል። እትዬ ግን አልለቀቀችውም። ቅዳሜ ቅዳሜ በዚሁ ሰዓት ና አለችው፤ እግር የሚጎትት ሰው ያስፈልገናል። ክፍያው ምሳ ሆነ፣ ያላረረ።

እስከ ዛሬ አጎቴ ከመኪናዋ ሥር የሚገባው በቅዳሜ ብቻ ነው። በሌላው ቀን የሰፈር ሰው ወሬውን ለፊቱ ለመናገር ይቸገራል፤ አፍሮ ይመለሳል። ገዢው ምሳውን በልቶ፣ አጎቴን ጎትቶ፣ ከመሄዱ በፊት መኪናዋን በልማዱ አየት ያደርጋታል።

ትሪውን እትዬ በሚቀጥለው ቅዳሜ አስፈታችው። በቦታው የገባውን መጥበሻ ራሷ መርጣ ነው የሰጠችው። ትሪውን በአመድና በሳሙና ፈትጋ፣ በጨርቅ ጠቅልላ፣ አጎቴ እየነዳት፣ እሷ ከኋላ በስተቀኝ ተቀምጣ፣ እኔ ቤት መጡ። በሩን ከፈተላት፤ ወረደች። ጨርቁን ፈትታ ትሪውን እጄ ላይ አስቀመጠች።

«እናትህ ወስዳዋለች ብዬ ነበር» አለችኝ። «እንግዲህ ትውሰደው።»